መካከለኞቹ ጥርሶች

ጥርሱ በሶፍት ተጠቅልሎ ነበር የመጣው። ወይዘሮ ክራንቻ ጥቅልሉን ስትፈታው ለሁለት ተሰብሮ አገኘችውና ፍርፋሪው ወለሉ ላይ እንዳይረግፍ በመዳፏ ከለለችው።

«ደግሞ ዛሬ?» አለች። «ዓመቱን ሙሉ ሳይሰበር ከርሞ ዛሬ?»

ጥርሱን ያመጣችው የሙዚየሙ የልጆች ክፍል አስጎብኚ ከበሩ አላለፈችም። የሆነውን ያስረዳችውም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። አንዲት ተማሪ ጥርሱን ከከንፈሯ ሥር ወትፋ ጓደኞቿን ስታስፈራራ፣ ሳቋ መጥቶባት ወለሉ ላይ ጥላዋለች። መምህሯ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ተማሪዋም አልቅሳለች። አስጎብኚዋ የምትፈልገው በሙጫ እንዲጠገንላት ብቻ ነበር፤ ነገ ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ ጠረጴዛዋ ጎዶሎ እንዳይታይባት ሰግታለች።

«አስቀምጪውና ሂጂ» አለቻት ወይዘሮ ክራንቻ።

እውነተኛ ስሟ የሚጠራው ደመወዝ ሲከፈል ብቻ ነው። በሙዚየሙ ውስጥ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ኃላፊው ድረስ ወይዘሮ ክራንቻ ነው የሚሏት፤ ምክንያቱም አምስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ የጥንት ዓሣ ነባሪዎችን ክራንቻ መለካት ነው። የዛሬዎቹን አይደለም። እግራቸው ገና ሳይጠፋ፣ ግማሹን ቀን ውሃ ውስጥ ግማሹን ዳርቻ ላይ ይውሉ የነበሩትን፣ ድንጋይ ሆነው ከአንድ ኮረብታ ሥር ተቆፍረው የወጡትን ነው። ቅጽል ስሙ መጀመሪያ ላይ ያናድዳት ነበር። ኋላ ግን ለምዳው የቢሮ ስልክ ስታነሳ ራሷም «አቤት፣ ክራንቻ ነኝ» ማለት ጀመረች።

አምስት ዓመት ለክታ ያገኘችው ነገር በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል። የኮረብታው ክራንቻዎች ትልቅና ትንሽ ሆነው ለሁለት ይከፈላሉ፤ በመሀላቸው ምንም የለም። ትልልቆቹ የወንዶቹ፣ ትንንሾቹ የሴቶቹ ናቸው። ነገ ጠዋት በዚህ ግኝት ላይ የቆመ አዲስ አዳራሽ ይመረቃል። በትልቁ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሁለት መንጋጋዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ ሥር በነሐስ «ወንድ»፣ ከሌላው ሥር «ሴት» የሚል ተለጥፏል። በየዓመቱ እየታደሰ ነፍሷን ሲያስጨንቃት የኖረው ኮንትራት አዳራሹ በተመረቀ ማግስት በቋሚ ቅጥር እንደሚለወጥላት ኃላፊው ቃል ገብቶላታል። ሪባኑን የሚቆርጡት ደግሞ አባቷ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሙዚየሙን የቅሪተ አካል ግምጃ ቤት የያዙት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸውንም ገና ፊደል ሳትቆጥር ከመሳቢያዎቹ ጋር ያስተዋወቋት እሳቸው ናቸው።

ጥርሱን በሙጫ አጋጥማ እስኪይዝ ድረስ በሁለት ጣቶቿ ጨምቃ ቆየች። ከዚያ እጇ ሳታዘው ውፍረት የምትለካበትን ካሊፐር አነሳ። ምን ታድርግ፣ ልማድ ነው፤ ባሏ ከገበያ ያመጣውን ካሮት ሳይቀር ለክታ ታውቃለች። ካሊፐሩን ጥርሱ ላይ ገጥማ ቁጥሩን አየች። ያ ቁጥር መኖር አልነበረበትም። ከትልልቆቹ መሀል ከትንሹ ያንሳል፣ ከትንንሾቹ መሀል ደግሞ ከትልቁ ይበልጣል።

ሙጫው ነው ያወፈረው ብላ ስብራቱ ያልደረሰበትን ቦታ ለካች። ያው ነው። ካሊፐሩን ገጥማ ዜሮ ማሳየቱን አረጋግጣ እንደገና ለካች። አሁንም ያው። ከሌላ ቦታ የመጣ የሌላ እንስሳ ጥርስ ነው ብላ ልትተወው ስትል፣ ሥሩ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ አየች።

ነጥቧ የጥፍር ቀለም ናት። አባቷ ከዚያ ኮረብታ የመጣውን ጥርስ ሁሉ፣ ከሌላው እንዳይደባለቅባቸው፣ ከሟች ሚስታቸው የጥፍር ቀለም ጠብ እያደረጉ ምልክት ያኖሩበት ነበር። እናቷ ከሞቱ በኋላ ብልቃጡን የሚጥሉበት አንጀት ስላጡ ነው ይባላል። በዓለም ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። ጥርሱ የኮረብታው ነው፤ መኖር የነበረበትም እሷ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ወደ ልጆች ክፍል በፍጥነት ወረደች። በሙዚየሙ ልማድ ለጥናት የማይረባ ነገር አይጣልም፤ «ንኩን» የሚል ወደተጻፈበት ጠረጴዛ ይሄዳል። ጫፉ የጠፋ አጥንት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድንጋይ፣ ሁሉም እዚያ ተከምሮ ልጆች ሲያገላብጡት ይውላሉ። ወይዘሮ ክራንቻ ወደ ቢሮዋ ስትወጣ በየማለዳው በዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ታልፋለች። ከዚህ በፊት ስለ ጠረጴዛው ያሳሰባት ነገር ቢኖር የልጆቹ ጫጫታ ብቻ ነው።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ቀይ ነጥብ ያለባቸውን እየለቀመች አንድ እፍኝ ሞላች። ሁለተኛ እፍኝም ሞላ። ሁሉም ክራንቻዎች ናቸው፣ አንዱም በጣም ትልቅ፣ አንዱም በጣም ትንሽ አይደለም።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጓቸው ነው?» አለች አስጎብኚዋ። «ጠረጴዛው እኮ ባዶ ሊቀር ነው።»

«ማን ነው እዚህ ያመጣቸው?»

«እኔ ስቀጠር ነበሩ። አባትዎ ጡረታ ሊወጡ ባሉበት ሰሞን በካርቶን አምጥተው የሰጡን ናቸው ይባላል። ልጆቹ በጣም ነው የሚወዷቸው።»

«ድንጋይ ሙይበት» ብላት ወጣች።

ምሳ ሳትበላ ስትለካ ዋለች። ልኬቶቹን በነጥብ የምታሰፍርበት ትልቅ ወረቀት ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በአንዱ ጫፍ የትንንሾቹ ነጥቦች፣ በሌላው ጫፍ የትልልቆቹ፣ በመሀል ባዶ ወረቀት ነበር። ያን ባዶ ቦታ ትወደው ነበር፤ ሥራው ሲሰለቻት ቀና ብላ የምታየው እሱን ነው። አሁን ጥርስ በለካች ቁጥር አንድ ነጥብ መሀሉ ላይ ያርፋል። ከሰዓት በኋላ ባዶው ቦታ ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ሆነ።

ይህ ማለት ልዩነት የለም ማለት አይደለም። ወንዶቹ በአማካይ ይበልጡ ይሆናል። ነገር ግን በመሀል ገደል ከሌለ፣ አንዱን መንጋጋ ለይቶ አንስቶ «ይህች ሴት ናት» ብሎ ነሐስ መለጠፍ አይቻልም። ትንሹ ጥርስ የአንድ ደቃቃ ወንድ ሊሆን ይችላል፣ ትልቁም የአንዲት ግዙፍ እናት። የአምስት ዓመት ልፋቷ በአንዲት ተማሪ ሳቅ ተናደ፤ ወይዘሮ ክራንቻም በማን ላይ መቆጣት እንዳለባት ስላላወቀች በካሊፐሩ ላይ ተቆጣች።

በዚህ መሀል ባሏ ደወለ። የነገውን ቀሚሷን ራሱ ተኩሶ ሰቅሎታል። እህቱን፣ የእህቱን ባልና ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠርቷል። አከራያቸውም ለመምጣት ፈልገዋል፤ ቋሚ ሠራተኛ ልትሆን መሆኑን ሰምተው ደስ ብሏቸዋል። ዣንጥላ ያስፈልግ ይሆን ብሎ ጠየቃት። አሁን አይመቸኝም ብላ ዘጋችው። ወዲያው ደግሞ መልሶ ደውሎ፣ ጫማዋንም እንደወለወለላት ነገራት።

ኃላፊውን ያገኘችው አዳራሹ ውስጥ ነሐሱን በክራባቱ ጫፍ ሲወለውል ነው። አብረው የተማሩ ስለሆኑ አንተ አንቺ ይባባላሉ።

«ዛሬ መጥፎ ነገር አትንገሪኝ» አላት ገና ሳትደርስበት።

መዳፏን ዘርግታ ጥርሶቹን አሳየችው፤ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደሚለኩ፣ ከየት እንዳገኘቻቸው ነገረችው። እሱ ግን ልኬቱን ሳይሆን ቀዩን ነጥብ ነው ያየው።

«አባትሽ ናቸው» አለ።

«እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።»

«ታዲያ ዓሣ ነባሪ የጥፍር ቀለም ይቀባል?» ግራ ቀኝ ተመለከተ። «ማን አይቷል?»

«እኔ።»

«ከአንቺ ሌላ ማለቴ ነው።»

«እኔ አልበቃም?»

ኃላፊው የነሐሱን መወልወል ትቶ የመስታወት ሣጥኑን ተደገፈ። «ስሚኝ። አርባ ሚሊዮን ዓመት የጠበቀ ዓሣ ነባሪ አንድ ሳምንት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? አዳራሹ ይመረቅ፤ እንግዶቹ ይሂዱ። ከዚያ በኋላ ተረጋግተን እናየዋለን።»

«በሳምንቱ ደግሞ የምረቃው መጽሔት ታትሟል፣ ጋዜጠኛው ጽፏል ትለኛለህ።»

«እሱማ እላለሁ» አለ ሳያፍር።

ከዚያ ድምጹን አለስልሶ ያላሰበችውን ሁሉ አሰበላት። ቋሚ አድርጉልኝ ብሎ የሙዚየሙን ቦርድ የለመነው ይህንኑ ሣጥን አሳይቶ ነው። ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ልመናውም ባዶ ነው፤ ኮንትራቷም የሚያልቀው በዚሁ ወር ነው። አባቷ ደግሞ ነገ «ስብስቡን በጥንቃቄ ላደራጁት» ተብለው በሕዝብ ፊት ሊጠሩ ነው። ታዲያ ምን ይበላቸው? ተሳስተዋልና መቀሱን ይመልሱ? ለሁሉም የሚበጀው ጥርሶቹን ሳይመሽ ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ መመለስ ነው። ከፈለገች ትሪውን ራሱ ይሸከምላታል።

ወይዘሮ ክራንቻን ያበገናት ይህ የመጨረሻው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ክፉ አይደለም፤ እንደ ሌላው ሁሉ ሊረዳት ነው የፈለገው። ጥርሶቹን በሻርፗ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጥታ ወደ አባቷ ቤት የሚሄደውን አውቶቡስ ያዘች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ መንገዱን ሙሉ በቦርሳዋ ላይ ክርናቸውን ደገፉባት። እንኳን እሳቸውን፣ ማንንም የምትናገርበት አቅም አልነበራትም።

አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መስታወት ፊት ቆመው ነበር። ነገ ቢጠባቸውስ ብለው መሞከራቸው ነው። የሙዚየሙ መቀስ ደነዝ መሆኑን ስለሚያውቁ የራሳቸውን አስለው ጠረጴዛው ላይ አኑረዋል። ልጃቸውን ሲያዩ ክንዳቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ኮቱ ከብብታቸው ሥር እንደማይዛቸው አሳዩዋት። እሷ ሻርፑን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

«አባባ፣ እነዚህን ያውቋቸዋል?»

አባቷ መነጽር አልፈለጉም። አንዱን ጥርስ አንስተው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«የልጆቹ ናቸዋ። ምነው አመጣሻቸው?»

«የልጆቹ አይደሉም፤ የኮረብታው ናቸው። ከእኔ መሳቢያ ያወጣቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ» አሉ አባቷ፣ ቤቱን ማን ጠረገው ተብለው እንደተጠየቁ ሁሉ።

ሳይጎተጉቷቸው ታሪኩን ነገሯት። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ እሷ አዲስ እንደተቀጠረች፣ እራት ላይ ጥርሶቹ ትልቅና ትንሽ ይመስሉኛል ብላ ነበር። በማግስቱ መሳቢያውን ከፍተው ቢያዩት ልጃቸው እውነቷን ነው። ታዲያ በመሀሉ ወደዚያም ወደዚህም የማይሉ ብዙ ነበሩ። እነሱን በመዳፋቸው እየመዘኑ፣ ግራ የሚያጋባውን ሁሉ ለይተው ወደ ካርቶን ከተቱት። ደክሟቸው እንደነበር፣ ግን ደስ እያላቸው እንደሠሩት ነገሯት።

«ለጀማሪ ምን ያደርጉላታል? ራስሽን ሊያዞሩብሽ ነው። የጠራ የጠራውን ተውኩልሽ። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ማን ለመነዎት?»

«አባት እስኪለመን ይጠብቃል?»

ወይዘሮ ክራንቻ መጮህ አማራት። ባሏ ቀሚስ ይተኩሳል፣ ኃላፊው ትሪ ይሸከማል፣ አባቷ ጥርስ ይለቅማሉ፤ እሷን ምን እንደምትፈልግ የጠየቀ የለም። ቢሆንም አልጮኸችም። ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። በመሀሉ ያለው ባዶ ቦታ የእንስሳቱ ሳይሆን የእሳቸው ሥራ መሆኑን፣ በነሐስ የተጻፈው ሁሉ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የቆመ መሆኑን ነገረቻቸው።

«አምስት ዓመት ሙሉ የለካሁት ዓሣ ነባሪውን አይደለም፣ አባባ» አለች። «የእርስዎን መዳፍ ነው።»

አባቷ ኮታቸውን አውልቀው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉትና ከፊቷ ተቀመጡ። ድንገት ያረጁ መሰሏት፤ ይህንንም በማየቷ ተናደደች፣ ምክንያቱም ሲያሳዝኗት መቆጣት አትችልም።

«ክፉ አላሰብኩም እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ። ክፉ ቢያስቡማ ይሄኔ ጮኼ ወጥቼ ነበር።»

አባቷ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ከዚያ ኃላፊው ያለውን፣ እሱ ያለውን ሳይሰሙ፣ ራሳቸው አሉት። «ቁጥር አልጻፍኩባቸውም። ቁጥር የሌለው ነገር በሙዚየም ቤት እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። መልሻቸው፤ ነገ ይለፍ። ቅጥርሽ ይጽናልሽ። እኔ ከሞትኩ በኋላ አውጥተሽ የፈለግሽውን በይ።»

ይህን ሲሉ አልለመኑም፣ አልተቆጡም። መንገድ ለሚሄድ ሰው አቋራጭ እንደማሳየት አድርገው ነው የነገሯት። አቋራጩም ቀላል ነበር። ጥርሶቹን መልሶ መቋጠር፣ ማለዳ ከሰው ቀድሞ ገብቶ ትሪው ላይ መድፋት። አባቷ መቀሳቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ ባሏ ያጨበጭባል፣ አከራዩም ደስ ይላቸዋል። ለእሷ ተብሎ ዞር የተደረጉትን ጥርሶች አሁን እሷ ለአባቷ ብላ ዞር ታደርጋቸዋለች። ከዚያ ወዲያ አባቷን ምን ብላ ትወቅሳለች?

ቦርሳዋን ከፍታ ቀጭኑን ብዕርና የጥቁር ቀለሙን ብልቃጥ አወጣች። ጥርስ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ብዕር ነው፤ የትም ስትሄድ አይለያትም።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ አባቷ።

«ቁጥር ልሰጣቸው።»

«ከተጻፈበት እኮ አይነሳም። ኃላፊውም ቢሆን ቁጥር ያለውን ነገር ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ አይመልሰውም። ነገ ጠዋት የግድ ማስረዳት ነው የሚሆንብሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ቅጥርሽስ?»

ብልቃጡን ከፈተች። ስለ ቅጥሩ አላሰበችም ማለት ግን አይደለም። ስለ ቤት ኪራዩ፣ ባሏ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ስላወራው ነገር፣ ነገ በሰው ፊት ስለሚሆነው ሁሉ አሰበች። ብዕሩን ቀለም ነክራ የተጠገነውን ጥርስ አነሳች። ከንዴቷ ብዛት ብዕሩን አብዝታ ተጫነችውና የመጀመሪያው ቁጥር ተጣመመባት።

አባቷ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ። «ወደ ሥሩ አድርገሽ ጻፊው» አሉ። «ጫፉ ይለካል።»

አሁንም እየረዷት ነው። ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። አባቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው፣ እኔ ልጻፈው። እጅሽ አልጸና ብሏል፤ ለቁም ጽሕፈት ደግሞ እኔ እሻላለሁ።»

እውነታቸውን ነው፣ ጽሕፈታቸው ከእሷ ይሻላል። የተዘረጋውን እጅ ጥቂት አየችው። ብዕሩን አልሰጠቻቸውም። ጥርሱን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«እርስዎ ያዙልኝ» አለች። «እኔ እጽፋለሁ።»